ከግቢ በር እስከ አስፓልት፦ ለኮብልስቶኑም ለከተማውም የሚሆን የልጅ ጋሪ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ሰላም ለናንተ ይሁን። ልጄ 5 ወር ሊሞላት ነው፣ የመጀመሪያዬ ናት። የምንኖረው አያት ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ከብሎካችን እስከ ዋናው አስፓልት ኮብልስቶን ነው፣ መሀል ላይ ደግሞ ጭራሽ ያልተነጠፈ ቦታ አለ፣ በጋ አቧራ ክረምት ጭቃ። ስራ ስጀምር እናቴ ጋር ነው የማደርሳት፣ በታክሲ ማለት ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ባለቤቴ እንጦጦ ፓርክ መሄድ ይወዳል። ሱቅ ስንገባ አንዱ ቀላሏን ታጣፊ ውሰዱ ይላል፣ አንዱ ትልቁ ባለ3 ጎማ ነው የሚያዋጣችሁ ይላል፣ እናቴ ደግሞ ጋሪ ምን ያደርግልሻል እዘያት ትለኛለች። ግራ ገባኝ። ለሁሉም የሚሆን አንድ ጋሪ አለ ወይ?

የ5 ወር ልጅ እናት፣ ከአያት

መልስ

እህቴ ዘግይቶም ቢሆን እንኳን ማርያም ማረችሽ። ደብዳቤሽን ሳነበው የራሴ የመጀመሪያ ልጅ ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፣ እኔም በስጦታ የመጣልኝ ቆንጆ ጋሪ ነበረኝ፣ ቤት ውስጥ በአንድ ጣት የሚገፋ፣ ቀለሙ ደስ የሚል፣ ከታች ትንንሽ የፕላስቲክ ጎማዎች ያሉት። ያኔ ገርጂ ነበር የምንኖረው፣ ከግቢያችን በር እስከ አስፓልቱ ኮብልስቶን ነው፣ መሀሉ ላይ ለውሃ መስመር ተነቅሎ በደንብ ያልተመለሰ ድንጋይ ነበረበት። እዛ ጋ ስደርስ የፊቱ ጎማ ድንጋዮቹ መሀል ገባና ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እኔ ደግሞ እየገፋሁ ነበርና ጋሪው ወደፊት ተደፋ። ልጄን ቀበቶ አስሬው ስለነበር ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ እንጂ መሬት አልነካም፣ ምንም አልሆነም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ያ የለቅሶ ድምፅ ይኸው እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከዛ ቀን ጀምሮ ሰው ስለጋሪ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለመንገዱ ነው፣ ብራንዱ ከዛ በኋላ ይደርሳል።

ስለዚህ ሱቅ ከመመለስሽ በፊት አንድ ቀን ልጅሽን እናትሽ ጋ ተይና ከብሎክሽ ደረጃ እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ መሬት መሬቱን እያየሽ ሂጂ። የት ጋ ነው ድንጋዩ የተነሳው፣ የት ጋ ነው ቱቦው ክዳን የሌለው፣ የግቢው በር ደፍ ምን ያህል ከፍ ይላል፣ ጭቃው ከየት እስከየት ነው። ከዛ ውስጥ በጣም ክፉዋን ቦታ ያዢልኝ። ጋሪሽ መመረጥ ያለበት ለሷ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር የተስተካከለ አስፓልት ቢኖርሽና 50 ሜትር ብቻ የተበላሸ ቢሆን እንኳን ለ50 ሜትሩ ነው የምትገዢው፣ ምክንያቱም ለድንጋይ የተሰራ ጋሪ አስፓልት ላይ በደንብ ይሄዳል፣ ለአስፓልት የተሰራው ግን ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ያቆምሻል፣ እና የአንቺ መንገድ ደግሞ በየቀኑ የሚጀምረው ከድንጋዩ ነው። ፒያሳና አራት ኪሎ ወይ ቦሌ መንገድ ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ ተስተካክሏል፣ እዛ ማንኛውም ጋሪ ይሄዳል፣ ሱቆቹም ሲያሳዩሽ እንደዛ አይነት ወለል ላይ ነው የሚገፉልሽ። እሱን አይተሽ እንዳትወስኚ።

ሁለቱ ሻጮች ለምን የተለያየ ነገር እንደነገሩሽ ልንገርሽ፣ ሁለቱም አልዋሹሽም። ገበያው ላይ ያሉት ጋሪዎች ባብዛኛው ከሁለት ዘር የመጡ ናቸው። አንዱ እንደ ዣንጥላ የምትታጠፈዋ ቀላል ጋሪ ናት፣ እሷን በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጣት ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ የአውሮፕላን መሀንዲስ ነው፣ ስፒትፋየር የሚባለው የጦር አውሮፕላን የሚያርፍበት እግር ላይ የሰራ ሰው ነው፣ እና ያንን የመታጠፍ እውቀቱን ነው ጋሪው ላይ ያዋለው፣ ያኔ የነበሩት የልጅ ጋሪዎች ከባድና ለጉዞ የማይመቹ ስለነበሩ ለልጅ ልጁ ብሎ ነው የሰራት። ሃሳቡ ሁሉ መታጠፍና መቅለል ነው፣ ለስላሳ ወለል ላይ። ሌላው ዘር በ1984 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ፊል ቤችለር የሚባል አባት ልጁን ይዞ መሮጥ ፈልጎ ጋሪ ላይ የብስክሌት ጎማ ገጥሞ የጀመረው ነው፣ ባለ3 ትልልቅ ጎማው ከዛ ነው የመጣው። አሁን ሱቅ ያለው ጋሪ ሁሉ ከነዚህ ወደ አንዱ ያደላል፣ አንቺ ደግሞ ቤትሽ ፎቅ ላይ ስለሆነ የመጀመሪያውን፣ መንገድሽ ኮብልስቶን ስለሆነ ሁለተኛውን ነው የምትፈልጊው። ግራ የገባሽ ለዛ ነው፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ወደ ጎማው እንምጣ፣ እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ ምክንያቱም ሁሉም ነገር እዚህ ነው። ትንሽ ጎማ የድንጋይ ጫፍ ሲያገኝ ድንጋዩ ግድግዳ ነው የሚሆንበት፣ ትልቅ ጎማ ግን ያንኑ ድንጋይ ከላይ ነው የሚያገኘውና ተንከባሎ ያልፈዋል። ቀላሎቹ ታጣፊዎች ላይ ያለው ጎማ ከጫፍ ጫፍ ከ13 እስከ 15 ሴንቲ ገደማ ነው፣ ለሻካራ መንገድ የተሰሩት ላይ ደግሞ የፊቱ 30 ሴንቲ ገደማ (ባለ12 ኢንች የሚሉት) የኋላው እስከ 40 ሴንቲ (ባለ16 ኢንች) ይደርሳል። ለኮብልስቶን እኔ የምለው የኋላው ከ25 ሴንቲ የፊቱ ከ20 ሴንቲ ባያንስ ነው። ሜትር ይዘሽ ሂጂ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፣ ለክተሽ ግዢ። ደግሞ ጥንድ ጥንድ የሆኑትን ትንንሽ ጎማዎች ተያቸው፣ በሁለቱ መሀል ጠጠር ይሰነቀርና አይዞርም ይላል፣ ጭቃ ሲገባበትማ ጭራሽ ነው።

ከስፋቱ ቀጥሎ ከምን ተሰራ ነው። ጠንካራ ፕላስቲክ የሆነው ንዝረቱን በሙሉ ለልጅሽ ነው የሚያስተላልፈው፣ ኮብል ላይ ስትገፊው ጉንጯ ሲንቀጠቀጥ ታይዋለሽ። ፎም የሆነው ይሻላል፣ አይፈነዳም፣ ቀላል ነው፣ ግን ርካሹ ቶሎ ይበላል። አየር የሚነፋው በምቾት የሚያክለው የለም፣ ችግሩ እሾህና ሚስማር ነው፣ አንድ ቀን ጠዋት ወጥተሽ ተኝቶ ታገኚዋለሽ። እኛ ሀገር ግን እሱ እንደሌላው ቦታ አያስፈራም፣ በየሰፈሩ ጎሚስታ አለ፣ የብዙዎቹ ጋሪዎች ቫልቭ ከመኪና ጎማ ጋር አንድ አይነት ስለሆነ እዛው ይነፋልሻል። አንድ ነገር ግን አደራ፣ የመኪና ልክ እንዳይነፉልሽ፣ የጋሪ ጎማ ከመኪናው ያነሰ አየር ነው የሚፈልገው፣ ጎማው ጎን ላይ የተፃፈ ቁጥር አለ እሱን አሳዪያቸው፣ ከዛ ካለፈ ወይ ይፈነዳል ወይ እንደ ድንጋይ ይደርቅና ያየሩ ጥቅም ይቀራል። ባለ12 ኢንቹ ጎማ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከትንንሽ ልጆች ብስክሌት ጋር አንድ ልክ ስለሆነ የውስጡን ጎማ ብስክሌት ከሚጠግኑት ማግኘት ይቻላል። በመሀል ደግሞ ከውጪ እንደ አየር ጎማ ሆኖ ውስጡ በፎም የተሞላ አለ፣ እሱን ካገኘሽ ላንቺ መንገድ እሱን ውሰጂ ነው የምለው።

3 ጎማ ይሻላል ወይስ 4 ለሚለው፣ ባለ3ቱ ሻካራ ላይ ለመዞር ይቀላል፣ የፊቱን ከፍ አድርገሽ ድንጋይ ታሳልፊዋለሽ። ባለ4ቱ ደግሞ መንገዱ ወደ ጎን ሲያዘነብል ወይ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ አጣምመሽ ስትወርጂ ቶሎ አይገለበጥም። መንገድሽ ወደ ቱቦ ያዘነበለ ከሆነ ባለ4 ይሻልሻል፣ ካልሆነ ባለ3። ብቻ የቱንም ብትመርጪ የፊቱ ጎማ የሚቆለፍ ይሁን፣ ማለቴ ለስላሳ ቦታ ላይ እንደልቡ ይዞራል፣ ኮብሉ ጋ ስትደርሺ በእግርሽ ወይ በእጅሽ ትቆልፊውና ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እኔ ያኔ ይቺን ባውቅ ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር። ከጎማው በላይ ሞላ ካለው ደግሞ ጥሩ ነው፣ ወንበሩን በእጅሽ ወደታች ጫን ስታደርጊው ገባ ብሎ መመለስ አለበት፣ የማይነቃነቅ ከሆነ ለጌጥ የተደረገ ነው።

ፍሬኑን ነገር አደራ ብዬ ነው የምነግርሽ። አዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ ለሰላምታ ቆም ብለሽ እጅሽን ስትለቂ ጋሪው ይሄዳል። በአንድ እግር ረግጠሽ ሁለቱንም የኋላ ጎማ የሚይዝ ይሁን። እጀታው ላይ ደግሞ ክንድ ላይ የሚገባ ማሰሪያ ካለው አስገቢው፣ ከሌለውም ጠንካራ ጥብጣብ አሰፍተሽ አድርጊለት። ቀበቶው ባለ5 ይሁን፣ ሁለት ትከሻ ሁለት ወገብ አንድ እግር መሀል፣ ለ100 ሜትርም ቢሆን ይታሰር።

አሁን ትልቁ ችግርሽ ያለው ደረጃው ላይ ነው። ለሻካራ የተሰሩት ጋሪዎች ከ11 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናሉ፣ ልጅሽ አሁን ምናልባት 7 ኪሎ ናት፣ ያን ይዘሽ 4 ፎቅ መውጣት ለማንም አይሆንም፣ ልጅ ተኝታበት ደግሞ ደረጃ በደረጃ ማንኳኳት ፈፅሞ አይደረግም፣ አንድ ደረጃ ከሳትሽ አለቀ። እናትሽ ልክ የሚሆኑት እዚህ ጋ ነው። ልጅሽን አዝለሻት ውረጂ። አንቀልባ ካላቸው አንቀልባ፣ ካልሆነ ማዘያ፣ ሁለት እጅሽ ነፃ ይሆናል፣ ልጅሽ ደግሞ ጀርባሽ ላይ ትሞቃለች። ጋሪው ታች ይደር፣ ደረጃው ስር ቦታ ካለ ጎረቤት አስፈቅደሽ ከብረቱ ጋር በብስክሌት ቁልፍ እሰሪው፣ ብዙዎቹ ላይ የኋላ ጎማው ቁልፍ ተጭነሽ ይወልቃልና ጎማዎቹን ይዘሽ ውጪ፣ ጎማ የሌለው ጋሪ ማንም አያነሳውም። ከላይ ላስቲክ አልብሺው ለአቧራው። ታች ማሳደር የማይቻል ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርሽ ከ9 ኪሎ የሚበልጥ አትግዢ፣ ከጎማው ስፋት ትንሽ ትተሽም ቢሆን፣ ምክንያቱም የከበደሽን ጋሪ በሁለተኛው ሳምንት ቤት ትተሽው ትወጫለሽ። እሱን ስትመርጪ ቢያንስ የፊቱ ጎማ የሚቆለፍ መሆኑ አይቅር፣ ክፉዋ ቦታ ጋ ስትደርሺ ደግሞ ልጅሽን አውጥተሽ አቅፈሽ ባዶውን ጎትቺው።

ታክሲውን በተመለከተ፣ ሚኒባስ ውስጥ ትልቁ ጋሪ ጭንቅ ነው፣ በጠዋት ሰዓት ረዳቱም ተሳፋሪውም ይቆጣሉ፣ ሂሳብ ጨምሪም ሊሉሽ ይችላሉ። የእናትሽ ቤት ከሩቅ ከሆነ ጠዋት ጠዋት አዝለሻት ሂጂ፣ እናትሽ ጋ ደግሞ ያገለገለች ርካሽ ታጣፊ አስቀምጪ፣ ግቢ ውስጥ ለመግፋት ትበቃለች። የራሳችሁ መኪና ካላችሁ ደግሞ ጋሪውን ከመክፈላችሁ በፊት እዛው ሱቅ በር ላይ አጥፋችሁ የኋላ ኮፈን ውስጥ አስገቡት፣ ቪትዝ የኋላ ኮፈን ውስጥ ትልልቆቹ ጎማቸው ካልወለቀ አይገቡም።

ዕድሜዋን አትርሺ። 5 ወር ያልሞላት ልጅ ገና ብቻዋን አትቀመጥም፣ ስለዚህ ወንበሩ ወደ ኋላ በደንብ የሚተኛ ይሁን፣ ቀጥ ብላ ስትቀመጥ አገጯ ደረቷ ላይ ይወድቅና አየር መተላለፊያዋ ይጠባል። እንጦጦ ላይ ባለቤትሽ እየሮጠ ሊገፋት ከፈለገ ደግሞ አይሆንም በይው፣ የመሮጫ ጋሪ የሚሰሩትም ቢያንስ 6 ወር፣ አንዳንዶቹ 8 ወር ይሙላው ነው የሚሉት፣ አንገቷና ወገቧ መፅናት አለበት፣ ሀኪሟንም ጠይቁ። መራመድ ግን ይቻላል፣ የጠጠሩ መንገድ ላይ የፊቱን ቆልፋችሁ። እንጦጦ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነውና ጥላ ውስጥ ይበርዳል፣ ፀሀዩ ደግሞ ይፋጃል፣ ልብስ ደራርባችሁ ውጡ።

ስለ ፀሀይ ካነሳን አንድ የማየው ነገር አለ፣ ምች እንዳይመታው ወይ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ተብሎ ጋሪው ከላይ እስከታች በነጠላ ይሸፈናል፣ አንዳንዱ በጋቢ። ሀሳቡ ፍቅር ነው፣ ይገባኛል፣ እናቴም እንደዛ ታደርግ ነበር። ግን ጋሪ ጀርባ አይደለም፣ ስታዝያት ትንፋሿን ትሰሚያለሽ፣ ጋሪው ውስጥ ግን ነጠላው አየሩን ይዘጋዋል፣ ውስጡ ቶሎ ይሞቃል፣ አንቺም ፊቷን አታይም። የጋሪውን ጣራ ወደፊት ሳቢው፣ ረጅም ጣራ ያለውን ምረጪ፣ ነጠላውን ከጎን በኩል ብቻ ጣል አድርጊውና ፊት ለፊቱ ክፍት ይሁን። ወንበሩም ከመሬት ከፍ ያለ ቢሆን እመርጥልሻለሁ፣ ዝቅ ያሉት ልጆቹን ልክ የመኪናው ጭስ በሚወጣበት ከፍታ ላይ ነው የሚያስቀምጧቸው።

ሱቅ ስትሄጂ እንዲህ አድርጊ፣ 5 ኪሎ 5 ኪሎ የሆነ ሁለት ዱቄት ይዘሽ ሂጂ፣ ወንበሩ ላይ አድርጊና ቀበቶውን አስረሽ ወደ ውጪ አውጪው፣ ድንጋይ ላይ ግፊው፣ በአንድ እጅ አዙሪው፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ አውጪው፣ አወጣጡ እጀታውን ወደታች ተጭኖ ፊቱን ማንሳት ነው፣ አወራረዱ ደግሞ ዞሮ ጀርባን ሰጥቶ የኋላ ጎማውን አስቀድሞ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዘሽ ልቀቂው። ባለሱቁ እሺ ካላለሽ ሌላ ሱቅ ሂጂ። ከአትክልት ተራ ስትመለሺ ደግሞ ዘንቢሉን እጀታው ላይ እንዳትሰቅዪ፣ ልጅሽን ያወጣሻት ቀን ጋሪው ወደኋላ ይገለበጣል፣ አንዳንዴማ ልጅም እያለችበት። ታች ቅርጫት አለው፣ እሱ ውስጥ አድርጊው።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የምኖረው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ለገና ሀገር ቤት ስገባ ደብረ ብርሃን ላለችው እህቴ ጋሪ ይዤላት መሄድ እፈልጋለሁ፣ ልጇ 9 ወር ሆኖታል። ጎረቤቴ የተጠቀመችበትን ባለ3 ጎማ የመሮጫ ጋሪ ልትሰጠኝ ነው። ይሆናል ወይስ አዲስ ልግዛ?

አጎት ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ወንድሜ እጅህ ይባረክ፣ ለደብረ ብርሃን መንገድ ትልቅ ጎማ ያለው ጥሩ ምርጫ ነው፣ ያገለገለ መሆኑም ብቻውን ችግር የለውም። ግን ከመውሰድህ በፊት የሞዴል ቁጥሩንና የተሰራበትን ቀን ፈልግ፣ ብረቱ ላይ ወይ ወንበሩ ስር የተለጠፈ ወረቀት አለ፣ እና በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ድረ ገፅ ላይ ጉድለት ተገኝቶበት በአምራቹ ተመላሽ የተባለ መሆን አለመሆኑን እይ። ይሄን የምለው እንዲሁ አይደለም፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የማክላረን ጋሪ ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ 1 ሚሊዮን ገደማ ጋሪ ላይ እንዲህ አይነት ጥሪ አድርጎ ነበር፣ ሲዘረጋና ሲታጠፍ ማጠፊያው ላይ የገባ የልጅ ጣት ጫፍ ተቆርጦ፣ 12 ልጆች ነበሩ ሪፖርት የተደረጉት። መፍትሄው ማጠፊያውን የሚሸፍን ጨርቅ ነበር፣ እሱም በነፃ ይሰጥ ነበር። አንተም የምትወስደው ላይ እንዲህ አይነት ነገር ካለ እዛው እያለህ ነው ማስተካከል የምትችለው፣ እህትህ ደብረ ብርሃን ሆና ያንን ክፍል ከየት ታመጣለች። የትኛውም ጋሪ ሲዘረጋና ሲታጠፍ ልጅ አጠገቡ እንዳይኖርም ንገራት።

ከዛ ሌላውን በእጅህ ፈትሽ፣ ጎማውን ወደ ጎን ነቅንቀው፣ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል። የቀበቶው መቆለፊያ ሲቆለፍ ቀጭ የማይል ከሆነ፣ ክሩ የተበላ ከሆነ፣ ብረቱ መገጣጠሚያው ጋ ስንጥቅ ካለው ተወው፣ አዲስ ግዛ። አዲስ ከገዛህ የደህንነት ደረጃውን እይ፣ የአሜሪካው ኤኤስቲኤም ኤፍ 833 ይባላል፣ ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ ኢኤን 1888 ተብሎ ይፃፍበታል፣ የአውሮፓው ሁለት ክፍል አለው፣ አንዱ እስከ 15 ኪሎ ለሚደርስ ልጅ ሌላው ከ15 እስከ 22 ኪሎ ላለው፣ ልጁ 9 ወሩ ነውና ረጅም ጊዜ እንዲያገለግለው ሁለተኛውንም ያለፈ ብታገኝ ጥሩ ነው።

ስለሻንጣው፣ ኢኮኖሚ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈቀድልህ አንዱ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፣ ርዝመት ወርድ ቁመቱ ሲደመር 158 ሴንቲ። ባለ16 ኢንቹን ጎማ ካላወለቅከው ካርቶኑ ከዛ ያልፋል፣ ጎማዎቹን አውልቅና ከአካሉ ጎን አስተኛቸው፣ 13 ኪሎ ጋሪ ቢሆን 10 ኪሎ ቦታ ይተርፍሃልና የልጁን ልብስ ክፍተቱ ውስጥ ጠቅጥቅበት ለመከላከያም ይሆናል። ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ በየልኩ፣ አንድ የእጅ መንፊያ፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ የዝናብ ላስቲኩን አትርሳ፣ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ያለውን። ደብረ ብርሃን ብርዱን ታውቀዋለህ፣ እግር የሚገባበት ወፍራም ከረጢት ብትጨምርላት ከጋሪው እኩል ነው የምታመሰግንህ። አቧራውን ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ትጥረገው፣ ጎማው ሲንሲያጠጥ የምግብ ዘይት እንዳታፈስበት ንገራት፣ ዘይቱ አቧራውን ይይዝና ጭራሽ ይበላዋል።

ጥያቄ

ልጄ እንደምን አለሽ። እኔ አያት ነኝ፣ ልጄ መንታ ወልዳ አሁን 7 ወራቸው ነው፣ ቀን ቀን እኔው ነኝ የምይዛቸው። ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው፣ ዳገት ላይ። መንታ የሚይዝ ጋሪ ሊገዙልኝ ነው፣ ጎን ለጎን ይሻላል ወይስ ፊትና ኋላ?

የመንታ አያት፣ ከሽሮ ሜዳ

መልስ

እናቴ እግዚአብሔር ያሳድግልዎት፣ የልጅ ልጅ በረከት ነው፣ ለዛውም ሁለት። ፊትና ኋላ የሚያስቀምጠው ጠባብ ነው በየበሩ ያልፋል ግን ረጅም ስለሆነ ጠርዝ ላይ ፊቱን ለማንሳት ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፣ ለሻካራ መንገድ ጎን ለጎኑን ነው የምመርጥልዎት። ስፋቱ ግን 75 እስከ 80 ሴንቲ ይሆናል፣ የግቢዎ ትንሿ በር ላታሳልፈው ትችላለች፣ ትልቁን በር በየቀኑ መክፈት ደግሞ ለርስዎ ድካም ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ሁለቱ ልጆች ከጋሪው ጋር 30 ኪሎ ያህል ይሆናሉ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ያ ወደታች ሲጎትትዎ ብቻዎን መያዝ ከባድ ነው፣ እባክዎ ብቻዎን ይዘው ቁልቁል አይውረዱ። እጀታው ላይ እንደ ብስክሌት በእጅ የሚያዝ ፍሬን ያለው ይግዙልዎት፣ የክንድ ማሰሪያውም ይኑረው፣ ሰው ሲኖር ብቻ ወደ መንገድ ያውጡት፣ ሰው በሌለበት ቀን ግቢ ውስጥ ለጥ ባለው ቦታ ይግፏቸው፣ ፀሀይ ለመሞቅ ግቢውም ይበቃል። ልጅዎ ስትገባ ደግሞ አንዱን እሷ ትዘል አንዱን በነጠላ ጋሪ ይግፉ፣ ብዙ የመንታ ቤተሰብ እንደዛ ነው የሚያደርገው። ምንም ከመገዛቱ በፊት ግን የትንሿን በር ወርድ ከብረት እስከ ብረት ያስለኩና ይፃፉልኝ፣ የደፉንም ከፍታ ጭምር፣ ከዛ የትኛው እንደሚያልፍልዎት በሚቀጥለው እትም እነግርዎታለሁ።